ሦስተኛውና አራተኛው ቀዳዳ

ጥቅምት 7፣ ዓርብ። ከምሽቱ 12 ሰዓት

ዛሬም ጠያቂ በዛ። ስልክ መቀበል፣ በፌስታል መጠቅለል፣ ቁጥር መስጠት፣ መመለስ። ቀበቶ፣ ቁልፍ፣ ቦርሳ። ከማረሚያ ቤቱ በር ማዶ ካለችው ቆርቆሮ ሱቄ ሳልነሳ ዋልኩ። ይዘው መግባት የማይችሉትን እኔ ጋ አስቀምጠው ይገባሉ፣ ሲወጡ ይወስዳሉ። ሥራዬ ይኸው ነው።

እቤት ስደርስ ግቢው በልብስ ተሞልቷል። እትዬ አስካለ፣ ታላቅ እህቴ፣ ከለቅሶው ጀምሮ እኔ ጋ ናት። (እጄ ስለሚደክም ከእንግዲህ እ/አስካለ እላታለሁ።) ለአርባዋ የሚሰጠውን የልጄን የፍሬን ልብስ በሙሉ አጥባዋለች። ለነፍስ የሚሰጥ ልብስ እንደቆሸሸ አይሰጥም። ልክ ናት። የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን እኔም አጥብ ነበር።

ግን ጫማውንም አጠበችው። ነጩን ሸራ ጫማ። ክሩን መዝዛ አውጥታ፣ በሳሙና ዘፍዝፋ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጋ፣ ቆርቆሮው ላይ አስጥታዋለች። ክሮቹ ለብቻቸው ገመድ ላይ ተንጠልጥለዋል።

ደብተሬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ፍሬ ሐኪም ቤት የሄደችው በሸበጥ ነው። ጫማው በሩ ጥግ እንዳወለቀችው ነበር። እንደታሰረ። ከሞተችበት ከመስከረም 12 ወዲህ መጥረጊያ እንኳን አላስጠጋሁትም። ልብስ ታጥቦ ይታጠፋል፣ አልጋ ይነጠፋል። የእጇ ሥራ እንደነበረ የቀረኝ ያ ክር ብቻ ነበር። ደግሞ እንደ ሰው አልነበረም የምታስረው። የሆነ ቦታ ላይ ይዘላል። የት ቦታ? በየቀኑ በአጠገቡ እያለፍኩ አላየሁትም።

እግዜር ይስጥሽ አልኳት። ከዚያ ገብቼ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ደግሞ ተቀመጥኩ።


ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ። ጠዋት 1 ሰዓት

ደርቋል። በአንድ ወገን ስድስት ቀዳዳ፣ በሌላው ስድስት። እኔ በማውቀው አስገባሁት። ከታች ጀምሬ፣ ቀኙን ወደ ግራ፣ ግራውን ወደ ቀኝ፣ እየተመሳቀለ እስከ ላይ። ሱቅ የተሰቀለ ጫማ መሰለ። የማንም ጫማ።

አወጣሁት። አሁን እንደ መሰላል፣ ቀጥ ቀጥ አድርጌ። ይኼም አይደለም። አወጣሁት።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቋጠሮዋ ትልቅ ነበር። ጆሮዎቹ ረዝመው ወደ ጎን ይወድቃሉ፣ መንገድ ላይ ይረገጥብሻል እላት ነበር። እኔ ያስገባሁት ግን ጆሮዎቹ አጫጭር ሆኑ። እንግዲህ የዘለለችው ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ስንት? የትኛውን?

እ/አስካለ በር ላይ ቆማ አየችኝ። ሻዩ ቀዘቀዘ አለች። ስለ ጫማው አልጠየቀችም።

ከሰዓት። አራት ጊዜ አሰርኩ፣ አራት ጊዜ ፈታሁ። የክሩ ጫፍ ላይ ያለችው ፕላስቲክ አንዷ ወለቀች። በምራቄ እያሾልኩ አስገባሁ።


ጥቅምት 9፣ እሑድ። 5 ሰዓት

ከቤ/ክ መልስ የእ/አስካለን ስልክ ተቀብዬ ፎቶ ፈለግኩ። የፍሬ ስልክ ተቆልፏል፣ ቁጥሩን አላውቅም። ፋሲካ ላይ የተነሳነው አለ። ጫማውን የገዛችው ያኔ ነው፣ በመጀመሪያ ደመወዟ ሳይሆን በሦስተኛው፤ የመጀመሪያውን ለእኔ ነጠላ ገዛችበት። እንቁጣጣሽ ላይ የተነሳነውም አለ። በሁለቱም ከጉልበቷ በታች የለችም። ሰው ፎቶ ሲያነሳ እግር ይቆርጣል።

እ/አስካለ ጫማውን ለማን እንደምትሰጥ ነገረችኝ። ለዘነበች። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም እየዞረች ልብስ የምታጥበዋ። እግሯ ከፍሬ እኩል ነው፣ 38። ለአርባው ትመጣለች፣ ቃል ገብቼላታለሁ አለች። አርባው ጥቅምት 21 ነው። አሥራ ሁለት ቀን።

እሺ አልኩ። ጫማው ይሂድ፣ አላስቀርም። ለነፍሷ ነው። አስተሳሰሩን ግን ሳላውቀው አይሄድም።


ጥቅምት 10፣ ሰኞ። 12 ሰዓት

ወደ ሱቅ ስሄድ ጫማውን በፌስታል ይዤ ጋሽ ሙላቱ ጋ ቆምኩ። ጫማ ሰፊው። ታክሲ መያዣው ጋ፣ ከድሮ ጀምሮ። እግር ያያሉ እንጂ ፊት አያዩም፤ ሰላም ስላቸው በጫማዬ ነው ያወቁኝ።

ምን ልስፋ አሉ። የሚሰፋ የለውም፣ ክሩን ነው አልኳቸው።

«ክር ለማስገባት እኔ ጋ የመጣሽ የመጀመሪያዋ ሰው ነሽ። ትምህርት ቤት አላስተማሩሽም?»

ነገርኳቸው። ወስፌያቸውን አስቀመጡ። ነፍስ ይማር አሉ። ከዚያ ቀልዱን ትተው አንድ በአንድ አሳዩኝ። ተራው መስቀል አለ። የወታደር አለ፣ ከላይ ቀጥ ቀጥ ብሎ የሚታይ፣ እግር ሲቆስል በምላጭ ቶሎ እንዲቆረጥ ነው አሉ። የኳስ ተጫዋች አለ፣ ቋጠሮው ወደ ጎን የሚሄድ። ቋጠሮው ምላሱ ሥር የሚደበቅ አለ፣ የአሁን ልጆች የሚወዱት። አንዱን በአንዱ እግር ሌላውን በሌላው እያደረጉ ይኼ ነው? ይኼ ነው? ይሉኛል። አይደለም። አይደለም። አንዲት ሴትዮ የተረከዝ ጎማ ልታስመታ ቆማ ትጠብቃለች፣ ምን ዓይነት ሰርግ ነው ይኼ ሁሉ አለች። ጋሽ ሙላቱ ዝም በይ አሏት።

ቀዳዳ ይዘልል ነበር አልኳቸው። አሰቡ። የሚዘልል ሰው ወይ ሰነፍ ነው ወይ ያመዋል አሉ። ልጄ ሰነፍ አልነበረችም አልኳቸው። ጫማውን መለሱልኝ።


ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ። 7 ሰዓት፣ ሱቅ

ጠያቂ ጋብ ሲል ነው የምጽፈው። በፊት በኩል ያለው ገጽሽ የሱቁ ቁጥር ነው፣ ለዚህ ነው ከኋላ ጀምሬ የምጽፍብሽ።

ጠዋቱን ሙሉ እግር እያየሁ ዋልኩ። የሰው ልጅ ስንት ዓይነት ያስራል። አንዱ ሳይቋጥር የክሩን ጫፍ ወደ ውስጥ ይሰካል። አንዷ ሮዝና ጥቁር ቀላቅላለች። አንድ አባት በሲባጎ አስረዋል። አንድ ረጅም ሰውዬ ስልኩን እየሰጠኝ እግሩ ላይ መፍዘዜን አየ።

«ምን ጎደለኝ ማዘር?»

ክርህን ነው የማየው አልኩት። ሳቀ።

«እሱንም ተቀበዪኝና ቁጥር ስጪኝ።»

ከኋላው የነበረች ልጅ ሰማች። ስልኳን ከማስረከቧ በፊት ቪዲዮ ከፍታ አሳየችኝ። እጅ ብቻ የሚታይበት፣ ክር የሚያስገባ። ሃያ ዓይነት አለ እማማ አለች። እንደ ሸረሪት ድር፣ እንደ ሹሩባ፣ እንደ መሰላል። እስከ መጨረሻው አየሁት። ከኋላ ያለው ሰልፍ ጮኸ።

ሃያ ሦስት ዓመት ያሳደግኳትን ልጅ ሃያው ውስጥ አጣኋት።


ጥቅምት 12፣ ረቡዕ። ጠዋት

ከእ/አስካለ ጋር ተጣላን። ጫማውን ፌስታል ውስጥ አግኝታ ወደ ታጠበው ልብስ ልትመልሰው ነበር። ነጠቅኳት።

«አንቺ አልማዝ፣ ዕቃ ይዘሽ ነፍሷን አታንከራትቻት።»

ያጠብሽው አንቺ ነሽ አልኳት። ምን ባጠብ ነው? አለች። ጫማውን ጉያዬ ውስጥ አስገባሁት። የተቆጣሁት ስላጠበችው መስሏታል፤ እኔ ክሩን ስለፈታችው ነው። አልቅሳ ሚካኤልን ልትሳለም ሄደች። እኔ አልሄድኩም። ቤት ውስጥ ዞርኩ። ድስቶቹን አውርጄ መልሼ ሰቀልኳቸው።

ጫልቱ ታውቃለች። ለምን እስከ ዛሬ አላሰብኩትም። ቂሊንጦ ከፍሬ ጋር ትሠራ የነበረችው፣ ልብስ ስፌቱ ፋብሪካ። በአንድ ሰርቪስ ሄደው በአንድ ሰርቪስ ይመለሱ ነበር። ፍሬ ቤት ውስጥ ጫልቱ እንዲህ አለች፣ ጫልቱ እንዲህ አደረገች ነበር ወሬዋ። ከቀብሩ ወዲህ ግን ልጅቷ ደጄን አልረገጠችም። ተቀይሜያት ነበር።


ጥቅምት 14፣ ዓርብ። 1 ሰዓት ማታ

ሱቁን በጊዜ ዘግቼ ሄድኩ። ፋብሪካው በር ላይ 10 ሰዓት ተኩል ደረስኩ። 11 ሰዓት ላይ ወጡ፣ ሁሉም ሴት ልጅ፣ ሁሉም ቶሎ ቶሎ የሚራመድ። ዓይኔ የራሴን ልጅ ይፈልጋል። ሞኝ ዓይን።

ጫልቱ ስታየኝ ቆመች። ጓደኞቿ አልፈዋት ሄዱ። ተቃቀፍን፣ አለቀሰች፣ ጉልበቴን ልትስም ስትል ያዝኳት። ከስታለች። ጫማውን ሳወጣው ወደ ኋላ ሸሸች።

«እትዬ አልማዝ፣ ሰርቪሱ ይሄድብኛል።»

ይሂድ፣ ታክሲ አሳፍርሻለሁ አልኳት። አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ጫማውን ጭኗ ላይ አድርጋ ክሩን አስገባች። እጇ ለአፍታ እንኳን አላመነታም። አንደኛው ቀዳዳ፣ ሁለተኛው፣ በመስቀል። ከዚያ ሦስተኛውንና አራተኛውን ትታ በጎን በኩል ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ወሰደችው። አምስተኛው፣ ስድስተኛው፣ በመስቀል። ላላ አድርጋ ቋጠረች። ጆሮዎቹ ረጃጅም። ወደ ጎን ወደቁ።

እሱ ነው። ደብተሬ፣ እሱ ነው። እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ።

ለምንድን ነው የሚዘልለው አልኳት። ስታይል ነው አለች። ዓይኔን ግን አላየችም። ሰርቪሱ ገና አልሄደም ነበር፣ ሮጠች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጫማውን ታቅፌ ነው የመጣሁት። ደስ አላለኝም።


ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ። ከሰዓት 9

ጠዋት በፀሐይ አየሁት። የቀዳዳዎቹ ዙሪያ ነጭ የተቀባ ብረት ነው። ክር ያለፈበት ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ወጥቷል። አራተኛው ቀለበት ላይ ቀለሙ ብዙም አልተላጠም። ሦስተኛው ላይ ግማሽ በግማሽ ነው። መጀመሪያ አራተኛውን ብቻ ነው የዘለለችው፣ ቆይታ ሦስተኛውን ጨመረች። ስታይል እንዲህ እየቆየ ይጨምራል?

ጋሽ ሙላቱ ጋ ወሰድኩት። ገና ሳልጠይቃቸው፣ ጫማውን እንዳዩ፣ እግሯ ያብጥ ነበር እንዴ አሉ። ባለቤታቸው ስታረግዝ እንዲህ ያስሩላት ነበር። እግር ሲያብጥ መሐሉ ነው የሚነሳ፣ ክሩ እዚያ ላይ ሲያልፍ ይቆርጣል፣ ስለዚህ ያ ቦታ ይተዋል አሉ። እብጠቱ ሲጨምር የሚተወውም ይጨምራል።

አመሰግናለሁ አላልኳቸውም መሰለኝ። በእግሬ ነው የመጣሁት። ታክሲ ረዳት ስሜን ጠርቶ ነበር፣ አላቆምኩም።

ኩላሊት ነው ብለው ነበር ሐኪም ቤት። ዘጠኝ ቀን ብቻ ተኛች። ሐኪሙ ቆይቶባታል አለኝ። ቆይቶባታል። ያንን ቃል ጠልቼው ነበር፣ ወጣት ሐኪም ነው፣ ምን ያውቃል ብዬ። ልጄ ጤነኛ ነበረች፣ በየቀኑ ሥራ ትሄድ ነበር ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። ድንገት ነው የወሰዳት ብያለሁ። ለንስሐ አባቷም እንዲሁ ነው ያልኩት።

ታውቅ ነበር። ደብቃኝ ነበር። ጫልቱም ታውቅ ነበር።


ጥቅምት 16፣ እሑድ። ማታ 12 ተኩል

ኮዬ ፈጬ ሄድኩ። የጫልቱ ቤተሰብ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ካለው ከድሮው ሰፈር ነው፣ መሬቱ የእነሱ እርሻ ነበር። እናቷ ተቀበለችኝ፣ ወተት ቀዳችልኝ፣ አማርኛዋ ትንሽ ነው፣ የእኔም ኦሮምኛ። እጄን ይዛ ብዙ ነገር አለችኝ። ሁሉም የሐዘን ቃል ነው፣ ገባኝ።

ጫልቱን ንገሪኝ አልኳት። መሬት መሬት እያየች ተናገረች። እንዳለችው ልጻፈው።

ከሰኔ ጀምሮ የፍሬ እግር እኩለ ቀን ላይ ያብጥ ነበር። ቆመው ነው የሚሠሩት፣ ሁሉም ይደክመዋል፣ መጀመሪያ ነገሬ አላሉትም። ሐምሌ ላይ ሥራ ቦታ ያለችው ነርስ አይታ ትልቅ ሐኪም ቤት ሄደሽ ተመርመሪ አለቻት። እሺ አለች። ከእንቁጣጣሽ በኋላ አለች። ጫልቱ ለእናትሽ እነግራለሁ ስትላት በማርያም አስማለቻት። እማዬ ደም ግፊት አለባት፣ ከሰማች በአንድ ቀን ትሞትብኛለች አለቻት።

ከነሐሴ ወዲህ ጎንበስ ማለት አቃታት፣ ትንፋሿ ያጥራል። ጠዋት ጫማውን እንደላላ አጥልቃ ትመጣለች። ሰርቪሱ ውስጥ ጫልቱ በወንበሮቹ መሐል ተንበርክካ ክሩን ታስርላታለች። ሾፌሩ በመስታወት እያየ ሙሽራዋን አዘጋጃችሁልኝ? ይል ነበር። ፍሬ ትስቃለች። መዝለሉን ያወጣችው ጫልቱ ናት። በመጨረሻው ቀንም ያሰረችው ጫልቱ ናት።

የፍሬ እጅ አልነበረም። ሠላሳ ምናምን ቀን የጠበቅኩት የሌላ ሰው ቋጠሮ ነው።

ተነሳሁ። አንቺ ነሽ የገደልሽብኝ አልኳት። እናቷ ፊት። ወተቱን ሳልጠጣ ወጣሁ። እስከ ታክሲው ድረስ ከኋላዬ የሚከተለኝ እግር ነበር፣ አልዞርኩም።


ጥቅምት 17፣ ሰኞ። ሱቅ

የሰው ስልክ አሳስቼ ሰጠሁ። በዚህ ሥራ አንዴም አሳስቼ አላውቅም። ሰውየው እማማ የእኔ የተሰነጠቀ ነው፣ ይኼ አዲስ ነው፣ ባልመልስልሽስ ኖሮ አለኝ። ተሳደብኩ። እሱን ሳይሆን ራሴን፣ ግን እሱ ነው የሰማው።

ለእ/አስካለ ትላንት ማታውኑ ነግሬያታለሁ። እንደ እሳት ተነሳች። አንድ ቃል፣ አንድ ቃል ብትተነፍስ ልጃችን ትድን ነበር አለች። ጫልቱ በአርባው ወደዚህ እግሯን እንዳታነሳ አለች። ጠዋት ውሃ ስትቀዳ ለእድሩ ሴቶች ነግራለች። አላስቆምኳትም።


ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ። 11 ሰዓት

ሰፈሩ ሁሉ ያችን ልጅ ይላታል። ያች ልጅ። ሦስት ሴቶች ሱቅ ድረስ መጡ። አንዷ ቅናት ነው አለች። ሌላዋ ሥራዋን ፈልጋ ነው አለች። ሦስተኛዋ ለፋብሪካው አለቃ መነገር አለበት፣ ከሥራ ትውጣ አለች። እኔ የስልክ ፌስታል እያጠፍኩ ሰማሁ። ሁሉም ወደ እኔ ያያሉ። አንዲት ቃል ነበር የሚጠብቁት፣ አዎ ወይም አይ።

ዝም አልኩ። እንደ አዎ ወሰዱት።

ምሳ አልበላሁም። ስቀመጥ ተነሽ ይለኛል፣ ስነሳ የት ልትሄጂ ነው ይለኛል። እግሬ ራሱ ሰው ሆኗል።

ማታ። እ/አስካለ አንድ ነገር አለች፣ በንዴት፣ ልጅቷን ስትረግም። ለቅሶው ላይም ድንኳኑ ጫፍ ቆማ ነበር ያች ልጅ፣ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ግቢ ስላት አልገባም አለች፣ ለካ ጥፋቷን ታውቅ ነበር አለች። ሦስት ቀን። ደጄን አልረገጠችም ብዬ የተቀየምኳት ልጅ።


ጥቅምት 19፣ ረቡዕ። ማለዳ 12 ሰዓት

ደብተሬ፣ አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። ከጀመርኩሽ ቀን ጀምሮ። ቅዳሜ ዕለት ታውቅ ነበር፣ ደብቃኝ ነበር ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። ግማሹ ውሸት ነው።

ሐምሌ ነበር፣ ዝናብ። ከሥራ ገብታ እማዬ እግሬን አለችኝ። ውሃ ሞቅ አድርጌ ጨው ጨምሬ ሳፋ ላይ አደረግኩላት። እኔው አጠብኳት። መሐል እግሯን በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ሳነሳው ጉድጓዱ ቀረ። እንደ ሊጥ። ቆይቶም አልተመለሰም።

አይቼዋለሁ። እሷም እኔን አየችኝ። ዝም ብላ አየችኝ፣ ጥቂት ጠበቀች። ነገ ሐኪም ቤት እንሂድ እንድላት ነበር የጠበቀችው፣ አሁን ይገባኛል። ቆሞ መዋል ነው፣ ጨው ያወጣልሻል፣ ነገ ይሻልሻል አልኳት። እሺ እማዬ አለች። ሳፋውን እኔ ደፋሁት።

ደግሞ የባሰው ይኼ ነው። አባቷ እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ሲሞት እንዲሁ ነው የጀመረው። ከእግሩ። ያኔም ጣቴ ጉድጓድ ትቶ ነበር። አውቀው ነበር። ስላወቅኩት ነው ያልጠየቅኩት። ካልጠየቅኩ አይሆንም መስሎኝ።

ከዚያ ወዲህ እግሯን አላሳየችኝም። ካልሲ አድርጋ ትተኛ ነበር። የጫልቱ ክር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ጨው ብዬ ስተዋት፣ አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ተንበርክካ የሚያማትን ቦታ እየፈለገች ክሩን አሳለፈችበት። የደበቀችው ምሥጢር ደግሞ እኔ በአውራ ጣቴ ያየሁትን ነው።

ዛሬ ገብርኤል ነው። ቤ/ክ ሄጄ ልናገር ብዬ አሰብኩ። ግን ለቄስ መናገር ይቀላል። ቄስ አይገረምም።


ጥቅምት 20፣ ሐሙስ። 8 ሰዓት

ዘነበች መጣች። ነገ ልብስ የማጥብላቸው ሰዎች አንለቅሽም ብለውኛል፣ ይቅርታ፣ ዛሬ ልውሰደው ብላ። እ/አስካለ ወደ እኔ አየች። አምጥቼ ሰጠኋት። ጫልቱ እንዳሰረችው ነበር።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ለካችው። እግሯ ከውሃ ብዛት ነጭ ሆኗል። ሰፊ ነው እትዬ፣ ይሰፋኛል፣ ክሩ ላልቶ ነው አለች። ልትፈታው እጇን ስትሰድ ቀና ብላ ፈቃድ ጠየቀችኝ። ፍቺው አልኳት። ሁሉንም ቀዳዳ አስገባች፣ ጥብቅ አድርጋ፣ የተረፈውን ጫፍ ጫማው ውስጥ ወተፈችው። ውሃ ውስጥ ነው የምቆም፣ ክር ሲንጠለጠል ይበሰብሳል አለች። መርቃን ሄደች፣ በጫማው። እስከ ማዞሪያው ድረስ አየኋት። ቶሎ ቶሎ ትሄዳለች።

እ/አስካለ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ተቁነጠነጥኩ። ሥራ አለኝ።


ያው ዕለት። 9 ሰዓት ተኩል

ለነገ ድንኳን የሚተክሉት መጥተዋል፣ ግቢው ጩኸት ነው። እድሩ ድስት አምጥቷል። ከሴቶቹ አንዷ፣ ልጅቷ ብትመጣ ከበር እንመልሳታለን፣ አንቺ አታስቢ አለችኝ። ለእኔ ብላ ነው። ለእኔ ብለው አንዲትን ልጅ ሊያባርሩልኝ ነው።

ነጠላዬን ለበስኩ። እ/አስካለ የት ነው በዚህ ሰዓት አለች። ቂሊንጦ አልኳት። ምን ልታደርጊ? ነይ አልኳት፣ ጓዳ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሳፋውን ነገርኳት። ጨውን። ጣቴን። አባቷንም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ከዚያ ለሌላ ሰው አትናገሪ፣ እኔና አንቺ ጋ ይቅር፣ ለማን ይጠቅማል አለች።

ለጫልቱ አልኳት።

ድንኳኑ ተተክሎ ሴቶቹ ሲቀመጡ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ነገ፣ በአርባዋ፣ ቆሜ። እ/አስካለ ያዋርዱሻል አለች። ያዋርዱኝ። ስለ ልጄ ቆመው የሚያወሩት እውነቱ ይሁን።

11 ሰዓት ላይ ይወጣሉ። ታክሲ ካገኘሁ እደርሳለሁ። መጀመሪያ ለእሷ መንገር አለብኝ፣ ከሰው አፍ ሳትሰማ። አይቼው ነበር እላታለሁ። ካንቺ በፊት አይቼው ነበር። ነገ ድንኳኑ ጫፍ ሳይሆን ከእኔ አጠገብ ነው የምትቀመጪው እላታለሁ። ያልኳትን ቃል መልሼ መዋጥ አልችልም። እናቷም ሰምታለች። ለእናቷም እነግራለሁ።

ፊቷን ብታዞርብኝ፣ ሰርቪሱ ውስጥ ገብቼ አብሬያት እሄዳለሁ። ቆሜም ቢሆን እስከ ቤቷ።

እ/አስካለ ጃንጥላ ያዢ እያለች ነው። ልሂድ